እናቴ አራት ሌሊት ተኝታ ሁለት ቀን ብቻ የተቆጠረላት ለምንድን ነው? የሜዲኬር ታካሚዎች የሆስፒታል ቆይታ እያጠረ ነውን?

የእናቴ ልጅ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ78 ዓመት እናቴ አብራኝ ትኖራለች፤ መድኅኗም መደበኛው ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአዛውንቶች የሆነው የፌዴራል መንግሥት የጤና መድኅን ነው። ባለፈው ጥቅምት የሳንባ ምች ታማ ሰኞ ማታ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባች። ማክሰኞን እዚያው ዋለች፣ አደረችም፤ ረቡዕና ሐሙስንም አልጋ ሳትቀይር ቆየች፤ ዓርብ ቀትር ላይ መውጣት እንደምትችል ተነገራት። ጉልበቷ ስላልጸና ሐኪሙ ወደ ማገገሚያ ተቋም እንድትሄድ መከረን፤ እኛም እሺ ብለን ወሰድናት። ከሳምንታት በኋላ የደረሰን ደብዳቤ ግን ሜዲኬር የማገገሚያውን ወጪ የሚሸፍነው ታካሚው አስቀድሞ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ ብቻ እንደሆነ፣ እናቴ ግን የተኛችው ሁለት ቀን ብቻ በመሆኑ ሂሳቡን ራሳችን እንድንከፍል የሚገልጽ ነው። እኔ የቆጠርኩት አራት ሌሊት ነው፤ ሁለቱን ሌሊት አጠገቧ ወንበር ላይ አድሬያለሁ።

ይህን ለጎረቤቴ ለአንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ባጫውታቸው፣ ባለቤታቸው በ1979 በዚሁ ሕመም ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋ ይዘው እንደታከሙና ከሆስፒታል የወጡት በእግራቸው መሄድ ከቻሉ በኋላ እንደነበር ነገሩኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) እንዲህ ያለው ልዩነት ከየት መጣ? የሜዲኬር ታካሚዎች ሆስፒታል የሚቆዩበት ጊዜ በእርግጥ እያጠረ ነው የመጣው ወይስ የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው? ካጠረስ ምክንያቱ የሕክምናው መሻሻል ነው ወይስ የገንዘቡ ጉዳይ? በሙያው ያላችሁ ብታብራሩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ሌሊት ፈረቃ

እህቴ፣ እንኳን እናትዎን እግዚአብሔር ማረልዎ። በሰሜን ቨርጂኒያ ለብዙ ዓመታት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ አሁን የታካሚዎችን መውጫ በሚያመቻቸው ክፍል በኬዝ ማናጀርነት ስለምሠራ፣ የእርስዎን ታሪክ የሚመስል ነገር በየሳምንቱ ያጋጥመኛል።

እናትዎ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ያሳለፉት «ኦብዘርቬሽን» በሚባለው፣ ማለትም ለክትትል በመቆየት ነው። አልጋው ያው ነው፣ ነርሷም ያችው ናት፣ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክም አይለይም፤ በመዝገቡ ላይ ግን ታካሚው እንደ ተመላላሽ ታካሚ ይጻፋል። ተኝቶ ታካሚ የሚባለው ሐኪሙ የመተኛውን ትእዛዝ ከሰጠበት ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ ያለፈው ጊዜ ለማገገሚያው ሦስት ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ አይታሰብም። ትእዛዙ ረቡዕ ከተሰጠ ረቡዕና ሐሙስ ይቆጠራሉ፤ የመውጫው ቀን ስለማይቆጠር ዓርብ ይቀራል።

ረቡዕ ለምን እንደሆነም መገመት ይቻላል። ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ በሚሠራበት «የሁለት እኩለ ሌሊት» ደንብ መሠረት፣ ሐኪሙ ታካሚው ሁለት እኩለ ሌሊት የሚያሻግር የሆስፒታል ሕክምና ያስፈልገዋል ብሎ ሲያምን እንዲያስተኛው፣ ከዚያ ያነሰ ከመሰለው ግን በአብዛኛው ለክትትል እንዲያቆየው ይጠበቃል። እናትዎ ሁለተኛውን እኩለ ሌሊት ያሻገሩት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው።

ልዩነቱ ኪስም ይነካል። ተኝተው ሲታከሙ የሚከፍለው የሜዲኬር ክፍል «ኤ» ነው፤ በ2025 ታካሚው በቅድሚያ ይሸፍን የነበረው 1,676 ዶላር ሲሆን ከዚያ በኋላ እስከ 60ኛው ቀን ድረስ ለሆስፒታሉ ቆይታ አይከፍልም። ለክትትል ሲቆዩ ግን ክፍል «ቢ» ስለሆነ፣ የዓመቱን ቅድመ ክፍያ ከሸፈኑ በኋላ ከአብዛኛው አገልግሎት ዋጋ 20 በመቶ የእርስዎ ነው። የማገገሚያው ጉዳይ ደግሞ እንዳዩት ነው፤ ሦስቱ ቀን ከተሟላ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ያለ ታካሚው ክፍያ ይሸፈናሉ፣ ካልተሟላ ምንም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በክትትል ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ለሚቆይ የሜዲኬር ታካሚ፣ ሆስፒታሉ ክትትሉ ከተጀመረ በ36 ሰዓት ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ በቃልም የማስረዳት ግዴታ አለበት። ይህ በ2015 በሕግ ተደንግጓል። እናትዎ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርመው ይሆን? ፈርመውስ ከሆነ በአማርኛ ያስረዳቸው አስተርጓሚ ነበር? ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ደግሞም የሕክምና መዝገባቸውን ሙሉ ቅጂ ይጠይቁ፤ ማጠቃለያውን ብቻ ሳይሆን የትእዛዞቹን ዝርዝር ከነሰዓቱ።

የሂሳብ ክፍል ሰው

ከላይ የተሰጠው መልስ ስለ እናትዎ ጉዳይ የሚበቃ ይመስለኛል። እኔ በሆስፒታል ሂሳብና ኮድ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ሰፊውን ጥያቄዎን ልሞክር።

ቆይታው በእርግጥ አጥሯል፤ በብዙ አጥሯል። በ1970 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ታካሚዎች በአማካይ ከ12 ቀን በላይ ይተኙ ነበር። በ1980 ወደ 11 ቀን ገደማ ወረደ፣ በ2000 ወደ 6፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ደግሞ ወደ 5 ቀን ተኩል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ቆመ ማለት ይቻላል።

ለዚህ ትልቁ ምክንያት የ1983ቱ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ሜዲኬር ለሆስፒታሎች የሚከፍለው ያወጡትን ወጪ ተከትሎ ነበር፤ ታካሚው በቆየ ቁጥር ገቢው ይጨምራል። ግንበኛን በቀን ሒሳብ እንደ መቅጠር ነው፤ ግድግዳው ቶሎ እንዲያልቅ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ከኦክቶበር 1983 ጀምሮ ግን ክፍያው በቁርጥ ሆነ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ፌተርና ጆን ቶምፕሰን የነደፉት፣ ኒው ጀርሲም ቀደም ብላ የሞከረችው አመዳደብ በሽታዎችን ከ460 በላይ በሆኑ ምድቦች ከፋፈለ፤ ዛሬ ምድቦቹ ከ700 በላይ ናቸው። «ዲ.አር.ጂ» የሚባለው ይኸው ነው። ለሳንባ ምች የተመደበው ገንዘብ ታካሚው 3 ቀንም ይተኛ 8 ቀን በመሠረቱ አንድ ነው። ወጪያቸው ከልክ በላይ ለሚያልፍ ጥቂት ታካሚዎች ጭማሪ አለ፤ ከዚያ ውጪ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ከሆስፒታሉ ኪስ ይወጣል። ለውጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአማካዩ ላይ ታየ። በ1990 የታተሙት የራንድ የምርምር ተቋም ጥናቶች በዚህ ምክንያት ሞት እንዳልጨመረ፣ ነገር ግን ሁኔታቸው ሳይረጋጋ ወደ ቤት የሚላኩ ታካሚዎች እንደበረከቱ አመለከቱ። ስለዚህ «ሕክምናው ነው ወይስ ገንዘቡ?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ ሁለቱም ነው፤ መንገዱን የጠረገው ሕክምናው ቢሆንም የገፋው ገንዘቡ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ሜዲኬር በ1965 ሲደነገግ ለማገገሚያ የተቀመጠው የሦስት ቀን ግዴታ ያን ጊዜ ማንንም የሚያጉላላ አልነበረም፤ አማካዩ ከአሥር ቀን በላይ በሆነበት ዘመን ሦስት ቀን ማለት «በእርግጥ ታሞ ነበር» ብሎ ከማረጋገጥ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። ቆይታው በግማሽና ከዚያም በላይ ሲያጥር ግን ሦስቱ ቀን ባለበት ቀረ። የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) በ1988 ባወጣው ሕግ ግዴታውን አንስቶት፣ በ1989 ለአንድ ዓመት ያህል ያለ እርሱ ከተሠራ በኋላ ሕጉ ራሱ ሲሻር ተመልሶ መጣ። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜም ከ2020 ጀምሮ ተነሥቶ ቆይቶ፣ አስቸኳይ ጊዜው ሜይ 11፣ 2023 ሲያበቃ ዳግም ተተከለ። ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ደንብ ነው። እናትዎን የያዘውም እርሱ ነው።

አቆጣጠሩ ተለውጧል ወይ ላሉትም፣ አዎን፣ ተለውጧል። እንደኔ ከሆነ ከ2010 ወዲህ ያለውን አማካይ ቁጥር ብቻውን ማመን አይገባም። በምሳሌ ላሳይዎ። በአንድ ክፍል አሥር ታካሚዎች አሉ እንበል፤ አምስቱ ጉልበታቸውን የሚያስቀይሩ ሆነው ሁለት ሁለት ቀን ይተኛሉ፣ አምስቱ የልብ ድካም ያለባቸው ሆነው ሰባት ሰባት ቀን ይተኛሉ። አማካዩ አራት ቀን ተኩል ነው። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ሜዲኬር የጉልበት ቅየራ በተመላላሽነትም እንዲሠራ ስለፈቀደ አምስቱ ከቆጠራው ወጡ እንበል፤ የልብ ታካሚዎቹም ቆይታ ወደ ስድስት ቀን አጠረ። ሁሉም ታካሚ ከድሮው ቀድሞ ቤቱ ገብቷል፤ አማካዩ ግን ከአራት ተኩል ወደ ስድስት አደገ። በዚያ ላይ ከወረርሽኙ ወዲህ የማገገሚያ ተቋማት ሠራተኛ በማጣታቸው ለመውጣት የደረሱ ታካሚዎች ቦታ እስኪገኝ ሆስፒታል ውስጥ ይቆያሉ። ቁጥሩ ሲጨምር «ሆስፒታሎች ታካሚን በደንብ መያዝ ጀመሩ» ብሎ መደምደም የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክትትል የበዛውም በአጋጣሚ አይደለም። የሜዲኬርን ክፍያ የሚመረምሩ ድርጅቶች ከተመለሰው ገንዘብ ድርሻ የሚያገኙ ስለሆኑ፣ የአንድና የሁለት ቀን መተኛትን እያነሡ «ይህ ሰው መተኛት አልነበረበትም» በማለት ሙሉ ክፍያውን ያስመልሱ ነበር። በዚህ የተጎዱ ሆስፒታሎች አጠራጣሪ የመሰላቸውን ሁሉ ወደ ክትትል ማዞር ጀመሩ። ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙ ታካሚዎች የበዙበት ሆስፒታል ከሜዲኬር ክፍያው መቀጮ ይቆረጥበታል፤ መቀጮው በ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 3 በመቶ ደርሷል። በ2009 የታተመ ጥናት ከአምስት የሜዲኬር ታካሚዎች አንዱ በወር ውስጥ ተመልሶ እንደሚተኛ ስላሳየ ዓላማውን አልነቅፍም። ይሁንና ታካሚው ሲመለስ ለክትትል ብቻ ከቆየ በመቀጮው ስሌት «ተመልሶ ተኛ» አይባልም። የቀረውን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሆነውን የመንግሥት መድኅን፣ በዚህ ውስጥ አልቀላቀልኩም። በአገሪቱ ከሚወለዱት ሕፃናት አራት አሥረኛ ያህሉ የሚወለዱት በሜዲኬይድ ሽፋን ስለሆነ፣ የእርሱ አማካይ ቆይታ የሚነግረን ሌላ ታሪክ ነው።

ባልቲሞር

ለሂሳብ ክፍሉ ወንድማችን አንድ እርምት አለኝ። ጠያቂዋ የሚኖሩት በሜሪላንድ ነው፤ ሜሪላንድ ደግሞ እርስዎ በገለጹት የቁርጥ ክፍያ ሥር አይደለችም። በዚህ ግዛት የሆስፒታል ዋጋ የሚተምነው በ1971 በሕግ የተቋቋመ የግዛቱ ኮሚሽን ነው። ከ1977 ጀምሮ ሜዲኬርም ኮሚሽኑ በተመነው ዋጋ ይከፍላል። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ለአንድ ሆስፒታል የዓመቱ ጠቅላላ ገቢ አስቀድሞ ይወሰንለታል፤ ብዙ ሰው ቢያስተኛም ገቢው አያድግም። ስለዚህ እዚህ ያለው ግፊት ታካሚውን ቶሎ ከማስወጣትም አልፎ ከመጀመሪያው እንዳይተኛ ማድረግ ነው። በጎ ጎን አለው፤ ሆስፒታሎቹ ስኳርና ደም ግፊት ቤት ድረስ ተከታትሎ የሚቆጣጠር ሠራተኛ ቀጥረዋል። ይሁን እንጂ የማገገሚያው የሦስት ቀን ደንብ የፌዴራል ስለሆነ በሜሪላንድም ይሠራል፤ የእናትዬውን ቀን የበላው እርሱ ነው ባሉት እስማማለሁ።

የሂሳብ ክፍል ሰው

ትክክል ነዎት፤ የእኔ ልምድ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ስለሆነ ዘንግቼዋለሁ። የመቀጮውም ጉዳይ ለሜሪላንድ የራሷ ሥርዓት አላት።

አዛውንቱ

ልጆቼ፣ እኔ ራሴ የሜዲኬር ተጠቃሚ ነኝ፤ 81 ዓመቴ ነው። ቆይታ ማጠሩን ሁሉም ሰው እንደ በደል ሲያየው ይገርመኛል። ዘንድሮ ጉልበቴን ጠዋት ተቀይሬ ማታ እንጀራዬን ቤቴ በላሁ። ጓደኛዬ ከዓመታት በፊት በዚሁ ሥራ ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኝቶ፣ እዚያው በያዘው ጀርም ሌላ ወር ታመመ። ሆስፒታል ለሽማግሌ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ጡንቻ የሚያሟሽሽ ቦታ ነው። ልብ በሉ፣ እኔን የሚያነሣኝና የሚያስቀምጠኝ ልጅ አለኝ። ብቻውን ለሚኖር ሰው ምክሬ ይህ አይደለም።

ሌሊት ፈረቃ

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ጉዳዩን ጨርሳዋለች። አገር ቤት አስታማሚው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ከአልጋው ሥር ያድራል፤ እዚህ ታካሚው ወደ አስታማሚው ይላካል። ቀድሞ በነርስ እጅ የነበረው ቁስል መጥረግ፣ መርፌ መውጋት፣ ኦክስጅን መቆጣጠር አሁን የልጆች ሥራ ሆኗል፤ በየትኛውም የሆስፒታል ቆይታ ስሌት ውስጥ ግን እነዚያ ቀናት አይታዩም።

ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ዘንድ፦ ተኝቶ የታከመ የሜዲኬር ታካሚ «ለመውጣት አልደረስኩም» ካለ ይግባኝ ማለት ይችላል። ሲተኙ በሁለት ቀን ውስጥ የሚሰጠው የመብት ማስታወቂያ ላይ የጥራት ገምጋሚው ድርጅት፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ይግባኝ ለሜዲኬር የሚያየው ድርጅት፣ ስልክ አለ። በመውጫው ቀን እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ከደወሉ፣ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ሆስፒታሉ ለተጨማሪው ቆይታ ሊያስከፍላችሁ አይችልም። ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም በግል መድኅን ድርጅቶች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር ያላችሁ ደግሞ (ከ2023 ጀምሮ ከተጠቃሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእርሱ ውስጥ ናቸው) ብዙዎቹ ዕቅዶች የሦስት ቀኑን ግዴታ አይጠይቁም፤ በምትኩ ለማገገሚያው ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ፈቃዱም በዘገየ ቁጥር ታካሚው ሆስፒታል ይቆያል።

የእናቴ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ጠይቄ ትናንት ደረሰኝ። ያልጠበቅሁትን አገኘሁበት። ሰኞ ማታ 11:20 ላይ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የመተኛ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትእዛዙ ተነሥቶ ወደ ክትትል ተለወጠ፤ ረቡዕ ጠዋት እንደገና የመተኛ ትእዛዝ ተሰጠ። ማክሰኞ ማታ እናቴ የፈረመቻቸው ሁለት ወረቀቶችም አሉ። አስተርጓሚ ስለመኖሩ የተጻፈ ነገር የለም፤ እናቴን ስጠይቃት «የምግብ ምርጫ መስሎኝ ነው የፈረምኩት» አለችኝ። ይህ የሚለውጠው ነገር ይኖር ይሆን?

ሌሊት ፈረቃ

እህቴ፣ በጣም ይለውጣል። ከመጀመሪያው ለክትትል ብቻ የቆየ ታካሚ በአቋሙ ላይ ይግባኝ የሚልበት መንገድ የለውም። ተኝቶ ታካሚ ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ ሆስፒታሉ ወደ ክትትል የለወጠው ሰው ግን መብት አለው። ጉዳዩ ለዓመታት በፌዴራል ፍርድ ቤት ሲታይ ቆይቶ፣ በ2020 ለታካሚዎቹ ተፈረደ፤ በይግባኝም ጸና፤ ሜዲኬርም በ2024 ደንብ አውጥቶ ከፌብሯሪ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለው። ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን ቆይቶ በተኝቶ ታካሚነት የተቆጠረለት ግን ከሦስት ቀን ያነሰ ሰው፣ ደንቡ ከሚያነሣቸው አንዱ ነው። እናትዎ የፈረሙት ሁለተኛው ወረቀት የአቋም ለውጥ ማስታወቂያው ሊሆን ስለሚችል አርእስቱን ያንብቡት።

ይግባኙ የሚቀርበው ለዚያው ለጥራት ገምጋሚው ድርጅት ነው። ከሆስፒታል ሳይወጡ ቢሆን ውሳኔው ይፈጥን ነበር፤ ከወጡም በኋላ ግን ይቀበላሉ። ከተፈረደላችሁ ከሰኞ ማታ ጀምሮ ያለው ጊዜ ይቆጠርና ሦስቱ ቀን ይሞላል፤ ማገገሚያውም ለሜዲኬር እንደገና ሂሳብ እንዲያቀርብና የከፈላችሁትን እንዲመልስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሲጽፉ የሦስቱን ትእዛዞች ሰዓትና የሐኪሙን የሰኞ ማታ ማስታወሻ ያያይዙ፤ እናትዎ ሲገቡ ኦክስጅናቸው ስንት እንደነበረና ለምን ይተኙ እንደተባለ የሚናገረው እርሱ ነው። በሜሪላንድ ለአዛውንቶች በነጻ የሜዲኬር ምክር የሚሰጠው የግዛቱ የጤና መድኅን አማካሪ ፕሮግራም «ሺፕ» በየካውንቲው ስላለ፣ ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ለእነርሱ ያሳዩት። አስተርጓሚም ይጠይቁ፣ እናትዎ ራሳቸው ይናገሩ።